የገርማሜ ንዋይ የአውራጃ ገዥነት ዘመን፦ ሰነድ ከየት ይጀመራል?

ጠያቂ (ስድስት ኪሎ)
ስለ ገርማሜ ሲነሳ ሁሉም ወደ ታኅሣሥ 1953 ግርግር (በአፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ ወደተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት) ይሮጣል። እኔ የምፈልገው ከዚያ በፊት ወላይታንና ጅጅጋን ያስተዳደረበትን ጊዜ ነው። በካታሎግ «ወላይታ» ተብሎ ሲፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። ምን ይሻላል?

መዝገብ አገላባጭ
ችግሩ ስሙ ነው ወንድሜ። በዚያን ዘመን የመንግሥት ወረቀት ላይ የሚጻፈው «ወላሞ አውራጃ» ነው፤ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ይፈልጉት። ዛሬ ቃሉ ያስከፋል፤ በጽሑፍዎ ከጥቅስ ውጭ አይግባ። ጅጅጋን ሐረርጌ ሥር ያገኙታል። «ገርማሜ»ም «ግርማሜ»ም ብለው ይሞክሩ፤ አንዳንድ የውጭ አገር ካታሎግ ደግሞ በአባቱ ስም፣ «ንዋይ» ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ከሰውየው በፊት ሥልጣኑን ይወቁ። በ1934 በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ገዥው ለማን ተጠሪ እንደሆነ ያሳያል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለታተመ ሁለቱን ያመሳክሩ። ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሆነ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲሄዱ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ።

የአራት ኪሎው
ዓመተ ምሕረቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ባለው ጊዜ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ሙከራው የተጀመረው ታኅሣሥ 4፣ 1953 ነው፤ በፈረንጆቹ 1960። ወንድሙ ጄኔራል መንግሥቱ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ የተሰቀሉት መጋቢት 21፣ ያው 1953፣ በፈረንጆቹ ግን 1961። ይህን ያልለየ ሰው አንድ ዓመት ይጨምራል።

መዝገብ አገላባጭ
ዋናው ነገር መሬት ነው። ከአሜሪካ ትምህርቱ የተመለሰው ገርማሜ (የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፉ በኬንያ ስለ ነጭ ሰፋሪዎች ነበር) ወላይታ ላይ ለመሬት አልባው ገበሬ መሬት ማደል ጀመረ። ባለርስቶቹ አቤት አሉ፤ ተነሣ። ጅጅጋ መላኩን እንደ ዕድገት የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልቀበልም፣ ከመሬት ጥያቄው ማራቅ ነበር። ስለዚህ አቤቱታዎቹን ይፈልጉ፤ የባለርስቶቹ ቅሬታ ሥራውን ከውዳሴው ይልቅ በዝርዝር ያሳያል። ከግርግሩ በኋላ የታተመውን አዲስ ዘመን ግን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ከሃዲ ከተባለ በኋላ የተጻፈ ነውና ስለ ገዥነቱ ማስረጃ አይሆንም።

የአራት ኪሎው
የጥናት ተቋሙ ያለበት ሕንፃ ያው የቀድሞው ገነተ ልዑል ነው፤ ራስ አበበ አረጋይና በሙከራው የተያዙት ሌሎች ታጋቾች የተገደሉት እዚያ ነው። ገርማሜ ራሱ የሞተው ታኅሣሥ 15 ነው።