የድሮ ሃርድ ዲስክ አዲስ ዴስክቶፕ ላይ አልገጥም አለኝ

ናቲ፦
ሰላም ጓዶች፣ የድሮው ዴስክቶፓችን ከሞተ ቆይቷል ግን ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ውስጡ የቤተሰብ ፎቶ ምናምን አለ። አሁን አዲስ ዴስክቶፕ ስላለኝ እሱ ላይ ልግጠመው ብዬ ኬዙን ስከፍተው መሰኪያው ጭራሽ አይገናኝም። ዲስኩ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ብዙ ትንንሽ ፒኖች አሉ (መሃል ላይ አንዷ የለችም፣ ተሰብራ ይሆን?)፣ ከዳር ደግሞ አራት ወፋፍራም ፒን ያለው የፓወር መሰኪያ፣ በሁለቱ መሃል ትንሽዬ ፕላስቲክ የተሰካችበት ቦታ አለ። አዲሱ ማዘርቦርድ ላይ ያሉት ግን ቀጫጭን ብቻ ናቸው። ምን ይሻለኛል? ከቻልኩ ከነዊንዶውሱ ባስነሳው ደስ ይለኛል፣ ኤክስፒ ነው።

ሽቦ ፈቺ፦
ያንተ አይዲኢ የሚባለው የድሮ የዲስክ መሰኪያ ነው፣ ፓታም ይሉታል፣ አዲሱ ቦርድህ ደግሞ እሱን የተካው ቀጭኑ መሰኪያ፣ ሳታ ብቻ ነው ያለው። ኢንቴል በ2006 አይዲኢን ከዴስክቶፕ ቺፕሴቶቹ (የማዘርቦርዱን ክፍሎች ከሚያገናኙት ቺፖች) አውጥቶታል፣ ከዛ በኋላ ቦርድ የሚሰሩት ሌላ ቺፕ እየጨመሩ ለተወሰነ ጊዜ አቆዩት እንጂ አሁን የለም። ፒኗ ደግሞ አልተሰበረችም አትደንግጥ፣ 40 ፒን መሆን ሲገባው 20ኛዋ ሆን ተብላ የተተወችው ኬብሉ ተገልብጦ እንዳይሰካ ነው።

እኔ ብሆን ኬዝ ውስጥ ለመግጠም አልለፋም፣ ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ፈልግ። ግን የራሱ ፓወር ያለው መሆኑን እይ፣ የዴስክቶፕ ዲስክ 3.5 ኢንች ስለሆነ ሞተሩ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ተራ ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ያለሱ አይዞርም። ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ ጃምፐር ትባላለች፣ ማስተር (ዋና ዲስክ) የሚለው ቦታ ላይ አድርጋት፣ አቀማመጡ አብዛኛውን ጊዜ ስቲከሩ ላይ ተስሏል። ስሌቭ (ሁለተኛ ዲስክ) ላይ ከሆነች ዲስኩ ድምፅ እያሰማ እየዞረም ኮምፒውተሩ ላያየው ይችላል። መጀመሪያ ፓወሩን ስጠው፣ ዞሮ ሲረጋጋ ዩኤስቢውን ሰካ።

ሜሪ፦
ኤክስፒውን እርሳው ባክህ፣ የተጫነው ለድሮው ቦርድ ስለሆነ አዲሱ ላይ ብታስነሳው ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚያሳይህ። ፋይሉን ብቻ አውጣ። ከሁሉም በላይ ግን ስትሰካው ዊንዶውስ ፎርማት ላድርግ ወይም ኢኒሻላይዝ ላድርግ (እንደ አዲስ ባዶ ዲስክ ላዘጋጀው) ካለህ በጭራሽ እሺ እንዳትል!! ካንስል አድርገህ ውጣና ጃምፐሩንና ኬብሉን እንደገና እይ። ፎልደሩን ስትከፍት አክሰስ ዲናይድ ቢልህ ደግሞ ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም፣ የድሮው ዩዘር ፓስወርድ ከነበረው ዶክመንቶቹ በሱ ስም ስለተያዙ ነው፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሴኩሪቲ ገብተህ ኦውነሩን ወደራስህ ትቀይረዋለህ፣ ፋይሉ ብዙ ከሆነ ትንሽ ይቆያል።

ናቲ፦
ተባረኩ። ፓወር ሰፕላዬ ላይ ግን ያቺ ባለ አራት ፒኗ ገመድ አለች፣ ከሳታ ወደ አይዲኢ የሚቀይር ካገኘሁ ውስጥ ብገጥመው አይሻልም? ዩኤስቢ ይንቀራፈፋል ይባላል።

ሽቦ ፈቺ፦
ሞሌክስ ናት እሷ፣ ካለችህ ይሰራል። ከገጠምከው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው ሴቲንግ) ገብተህ መጀመሪያ የሚነሳው አዲሱ ዲስክህ መሆኑን አረጋግጥ። ፍጥነቱን ግን አታስብ፣ የአይዲኢ ጣሪያው ራሱ በሰከንድ 133 ሜጋባይት ነው፣ ያረጀ ዲስክ ደግሞ እዛም አይደርስ። ለአንድ ጊዜ ኮፒ ይህን ያህል ምን ያስቸኩልሃል? በቋሚነት እዛ አስቀምጠህ ልትጠቀምበት ከሆነ ያሰብከው ግን ተው፣ በዚህ እድሜው አይታመንም።

ካሌብ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ስታበራው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ደጋግሞ ካሰማ ወዲያው አጥፋው፣ ደግሞ ልሞክር ምናምን እንዳትል፣ ሄዱ (ዲስኩን የሚያነበው ክፍል) ተበላሽቶ ከሆነ በዞረ ቁጥር ዲስኩን እየቧጨረው ነው። ደህና ከዞረ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ኮፒ አድርግ፣ ፊልምና ዘፈን ካለ በኋላ ይደርሳል።