ለቤት የመኪና ጥገና የመጀመሪያ ብየዳ ማሽን፦ የኤሌክትሮድ ወይስ ሚግ? (ደሴ)

ሸዋበር
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። አንድ ዲኤክስ ኮሮላና አንድ የድሮ ሃይሉክስ በግቢዬ ውስጥ ለመጠገን የመጀመሪያዬን ብየዳ ማሽን ልገዛ ነው። የዲኤክሱ ወለል ከሾፌሩ እግር ስር በዝገት ተበልቷል፣ ማርሚታው ተሰንጥቋል፣ የሃይሉክሱ ካሶኒ ማሰሪያም ሁለት ቦታ ለቋል። መብራቱ 220 ቮልት ነጠላ ፌዝ ሲሆን ከቆጣሪው እስከ መኪናው ማቆሚያ 25 ሜትር ይሆናል። ሱቅ ውስጥ 200፣ 300፣ 500 የሚል የተጻፈባቸው ትንንሽ ኢንቨርተሮች (ቀላል ኤሌክትሮኒክ ብየዳ ማሽኖች) አሉ፤ ዋጋቸውም ያን ያህል አይራራቅም። የቱን ልያዝ? ሚግ (በኤሌክትሮድ ፋንታ ከጥቅል ሽቦ እየመገበ የሚበይደው) ይሻለኝ ይሆን? 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የቤንዚን ጄኔሬተር አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ይችለዋል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ። በሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ተወውና ከጀርባ ወይም ከጎን የተለጠፈውን ትንሽ ሰሌዳ አንብብ። እሱ ከሌለው አትግዛው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኤሌክትሮድ ሲበየድ የሚሠራበት ቮልት በመለኪያ ደረጃው 20 ሲደመር አምፔሩ በ0.04 ተባዝቶ ነው። 200 አምፔር ማለት 28 ቮልት፣ ማለትም 5.6 ኪሎ ዋት ውጤት ነው። የማሽኑን ብክነት ስትጨምርበት ከግድግዳ የሚስበው ከ30 አምፔር በላይ ነው፤ አብዛኛው ርካሽ ኢንቨርተር ደግሞ ፓወር ፋክተሩ (ከመስመር ከሚስበው ለሥራ የሚውለው ድርሻ) ዝቅተኛ ስለሆነ ከ40 ያልፋል። 500 አምፔር ቢሆን 40 ቮልት፣ 20 ኪሎ ዋት! ባለ 16 አምፔር ስፒና ተገጥሞለት 500 የሚል ማሽን ገና ከሱቅ ሳይወጣ ራሱን አጋልጧል።

ለአንተ በሰሌዳው ላይ 160 አምፔር በ60 በመቶ የሚል ዲሲ ኢንቨርተር ይበቃሃል። 60 በመቶ ማለት ከ10 ደቂቃ 6 በይደህ 4 ታሳርፈዋለህ ማለት ነው። እዚህ ላይ የእኛን አገር ከፍታ አትርሳ። የማሽኖቹ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያወራው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ፣ ደሴ 2500 አካባቢ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እንደተጻፈው አያቀዘቅዝም። ስለዚህ በ160ው ላይ ከ80 እስከ 100 ሥራ፣ ቢጫዋ መብራት ከበራችም ማሽኑን አታጥፋው። ፋኑ እየዞረ ራሱ ይቀዝቅዝ።

መስመሩን በተመለከተ፦ በ80 አምፔር ስትበይድ ከግድግዳ 15 አምፔር ገደማ ይስባል፣ በ120 ከ24 ያልፋል። ከቆጣሪው ለብቻው 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ ሳብ፣ 25 አምፔር ባልቦላ ግጠምለት፣ የመሬት መስመሩንም አትዝለል። በ1.5 ካሬ ማራዘሚያ 25 ሜትር ብትሄድ በ16 አምፔር ወደ 9 ቮልት ይጠፋብሃል፤ በጥቅልሉ ላይ ሳትፈታው ከሠራህ ደግሞ ሽፋኑ ይቀልጣል። ማሽኑ ደካማ ነው ተብሎ ከሚመለሰው ብዙው ጥፋቱ የገመዱ ነው። አርክ እየለኮስክ ሶኬቱን በቴስተር ለካው፤ ከ200 በታች ከወረደ መጀመሪያ መስመሩን አስተካክል።

ጄኔሬተሩም ላይ ያው ከፍታው አለ። የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። የአንተው 5 ደሴ ላይ 3.7 አካባቢ ሆኖ ይቀራል፣ 80 አምፔር ብየዳ ደግሞ 3.4 ይፈልጋል። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ እስከ 70 አምፔር ሥራ፤ በዚያ ሰዓት ፍሪጅና ቴሌቪዥን በዚሁ ጄኔሬተር ላይ አይሁኑ፣ ቮልቱ ይዋዥቃልና ያቃጥልብሃል።

ጦሳ
ከላይ የተባለው ለካሶኒው ማሰሪያ ልክ ነው። ለወለሉ ግን አልስማማም። የዲኤክስ ወለል ላሜራ 0.8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ዝገት ከበላው በኋላማ ከዚያም ይሳሳል። በ2.5 ኤሌክትሮድ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሁለት ትከፍታለህ። የቦዲ ሥራ የሚበዛብህ ከሆነ ትንሽ ጠብቀህ ሚግም ኤሌክትሮድም የሚሠራውን ጥምር ማሽን ግዛ፣ 0.8 ሽቦ ይዘህ።

ሁለት ነገር ቀድመህ ጨርስ። ጋዙን ማን ይሞላልሃል? ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሞላበትን ቦታ በስልክም ቢሆን ሳታረጋግጥ ሲሊንደር አትግዛ። ፍሰቱ በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ነው፤ ግቢው ነፋስ ካለው ጋዙ ይበተንና ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል።

ጋዝ የማይፈልገውን ሽቦ ከመረጥክ ደግሞ ፖላሪቲውን ቀይር። የሽቦ መጠቅለያውን ክዳን ስትከፍት ፕላስና ማይነስ የተጻፈባቸው ሁለት የነሐስ ብሎኖች ታያለህ። በጋዝ ስትሠራ ችቦው (ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ፕላስ ላይ ነው፣ ያለ ጋዝ ስትሠራ ማይነስ ላይ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ለጋዝ ተገጥሞ ይመጣል፤ ሳይቀይሩት ይሠሩና ፍንጣሪው መስኮቱን ሁሉ ሲሞላው "ሽቦው መጥፎ ነው" ይላሉ።

ወለሉን እንዲህ ያዘው። መጀመሪያ ምንጣፉን አንሣ፣ ከስር ያለውን ሬንጅ ከብየዳው ዙሪያ 10 ሴንቲሜትር ያህል ፋቅ፤ ይቀጣጠላል። ዝገቱን የሚያበራ ብረት እስክታገኝ ድረስ በግራይንደር ቁረጥ። የዛገ ጠርዝ ብየዳ አይዝም፣ ሲያብለጨልጭ ብቻ ነው የሚይዘው። መጣፊያውን ከ1 ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ ቁረጠው። የጣሪያ ቆርቆሮ አታድርግ፤ ዚንኩ ሲቃጠል ጭሱ ማታውን ያንቀጠቅጥሃል። 15 ሚሊሜትር ደርበህ በየ3 ወይም 4 ሴንቲሜትሩ ነጥብ በነጥብ ያዘው፣ ከዚያ እየዘለልክ ሙላ፦ አንዴ እዚህ፣ አንዴ በማዶ። አንድ ወገን ላይ ከቆየህ ላሜራው ይወጠርና ይጎብጣል። የሚበሳብህ ቦታ ካለ የተጠፈጠፈ የመዳብ ቁራጭ ከስሩ ደግፍ፤ ብረቱ መዳብ ላይ አይጣበቅም፣ ሙቀቱን ግን ይወስድልሃል።

ሸዋበር
አላህ ይስጣችሁ። የጋዙ ነገር ለአሁኑ ከበደኝ። በኤሌክትሮድ ብቻ ወለሉን መሥራት ጭራሽ አይቻልም?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ይቻላል፣ ግን እጅ ይፈልጋል። ባለ 1.6 ወይም 2.0 ሚሊሜትር 6013 ኤሌክትሮድ፣ ከ35 እስከ 50 አምፔር፣ ኤሌክትሮዱ ማይነስ ላይ። መጣፊያውን 1.5 ሚሊሜትር አድርገው፤ አርኩን በወፍራሙ ላይ ለኩስና ወደ ስሱ ብቻ ነካ እያደረግህ መልስ፣ ነጥቡ ቀይነቱ ሲጠፋ ቀጣዩን ጣል። ጦሳ ያለው መዳብ እዚህ ይበልጥ ይጠቅምሃል። ጠርዙን በሲሊኮን ሳይሆን በቦዲ ማሸጊያ ዝጋው፣ ከላይም ከስርም አንቲ ረስት ቀባው።

ለካሶኒው ባለ 2.5፣ ከ70 እስከ 90 አምፔር። ኤሌክትሮዱን ክዳን ባለው ደረቅ እቃ አስቀምጥ፤ በሐምሌና በነሐሴ የደሴ እርጥበት ሽፋኑን ያበላሸዋል፣ ሲለኮስ ይጮኻል፣ ብየዳውም ይቦረቦራል።

አራዳ
ማሽኑን ሳትለኩስ የባትሪውን ማይነስ ንቀል። ሃይሉክሱ ኮምፒውተር ካለው ሶኬቱን፣ የዲናሞውንም ሽቦ ንቀል። የማሳውን (ኃይሉ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን ገመድ) ቆንጣጭ ከምትበይድበት በ20 ሴንቲሜትር ውስጥ፣ በተፋቀ ብረት ላይ ያዝ። ከኋላ እየበየድክ ማሳውን ከፊት ብታስር ኃይሉ በኩሽኔታ በኩል ያልፍና ኳሶቹን ይበላቸዋል፤ ጎማው መጮህ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ብየዳውን ማንም አይጠረጥርም።

ባሌስትራ አትበይድ፤ በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። የመሪ ዘንግና የፍሬን ዕቃም አይበየድም፣ ይቀየራል። የሀረጎን ቁልቁለት በተበየደ መሪ የሚወርድ ሰው አይኑር። የነዳጅ ታንከሩ ባዶ ቢሆንም አትንካው፤ የሚፈነዳው ተኑ ነው።

ለዓይንህ የፀሐይ መነጽር አይሆንም። ቁጥር 10 ጥቁር መስታወት ያለው ማስክ ያዝ።

ሱቅ ስትሄድ ሦስት ባለ 2.5 ኤሌክትሮድና አንድ የ3 ሚሊሜትር ብረት ቁራጭ ይዘህ ሂድ። በ80 ላይ ሦስቱንም ተከታትለህ ጨርሳቸው፤ በሦስተኛው ላይ ከተቋረጠ ለሰሌዳው ታማኝ አይደለም። የብየዳ ገመዱንም ጫፍ በቢላ ፋቅ አድርገህ እይ፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ላይ የተቀባ መዳብ ነው፣ በመያዣው በኩል ይግላል። ዋጋውን አስቀንስ፣ ወይም 16 ካሬ የመዳብ ገመድ ለብቻው ግዛለት።