ቢጫ ካርድ ጠፋ፣ በረራው ቅዳሜ ነው! አስቸኳይ

የለገጣፎዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አስቸኳይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ወደ ደሴት እንበራለን፤ ቲኬቱም ሆቴሉም ተከፍሏል። ዛሬ ሰኞ ሻንጣ ስናዘጋጅ የሱ ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው) የለም። ቤቱን ገለባብጠነዋል። ክትባት ወደሚሰጥበት ስንደውል «አሁን ቢወጋም ቀኑ አይደርስም» አሉን። እውነት ነው? ምን ይሻለናል?

ሱሉልታ ብርድ፦
የትኛው ደሴት ነው እህቴ? ዝዋይ ቱሉ ጉዶ ከሆነ ካርድ የሚጠይቅ የለም፤ ላይፍ ጃኬቱን ብቻ ጠይቂ።

የለገጣፎዋ፦
ዛንዚባር ነው እንጂ! እባካችሁ፣ መቀለጃ ጊዜ የለኝም።

የሰበታ ነርስ፦
የነገሩሽ ልክ ነው። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ሰውነት መከላከያውን እስኪያዘጋጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ያሰጋቸዋል ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች አንዷ ናት፤ ዛንዚባር ያለችባት ታንዛኒያም ከዚህ የሚመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች፣ አንድ ዓመት ካልሞላው ሕፃን በቀር። «እኛ የምንኖረው ደጋ ነው፣ ትንኝ የለብንም» ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ የሚታየው የተነሳችሁበት አገር ነው። አንዴ የተወጋ ግን ለዕድሜ ልኩ ነው። የ10 ዓመቱ ገደብ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል፤ «ጊዜው አልፏል፣ ድገም» የሚል ካለ አትስሙት።

ከኮዬ ፈጬ፦
ዝም ብሎ ነገ ይወጋ። ወረፋ ስለሚኖር ጠዋት 1 ሰዓት ይገኝ።

የሰበታ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ነገ ማክሰኞ ቢወጋ ካርዱ የሚሠራው የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው። በረራው የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ገላን 04፦
ለነገሩ ዛንዚባር ማን አስገደዳችሁ? ሲሼልስ ቪዛ የለም፤ ማልዲቭስም እዚያው ሲደርሱ የ30 ቀን ቪዛ በነፃ ይመታል። ወደዚያ ቀይሩት።

ትኬት ቤት፦
ገላን፣ ሴትዮዋን ከድጡ ወደ ማጡ አትክተታት። ሲሼልስም ማልዲቭስም ሞሪሺየስም ከኢትዮጵያ የሚነሳን ተጓዥ ቢጫ ካርድ ይጠይቃሉ። ለሲሼልስ ቪዛ ባይኖርም ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መውሰድ ግዴታ ነው፤ የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማስረጃም ይፈለጋል። ለማልዲቭስ ደግሞ ከመድረስ በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ኢሙጋ የሚባለው ቅጽ ይሞላል።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ባለቤትሽ ተወግቶ ካርዱ ነው የጠፋው ወይስ መጀመሪያም አልተወጋም?

የለገጣፎዋ፦
ተወግቷል፤ ለሥራ ጋና ሲሄድ። እሱን አልጻፍኩም እንዴ?

ትኬት ቤት፦
አልጻፍሽም፤ ነገሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚያስፈልገው ምትክ ካርድ እንጂ አዲስ መርፌ አይደለም። ነገ በጠዋት የተወጋበት ቦታ ሄዶ መዝገብ ያስፈትሽ። ከተገኘ ምትኩ የሚጻፈው በድሮው ቀን ስለሆነ 10 ቀን መጠበቅ አይኖርም። ፓስፖርቱን አድሶ ከሆነ አሮጌውንም ይያዝ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የአሮጌው ነው። ዛሬ ማታ ስልኩንና ኢሜይሉን ፈትሹ፤ ለጋናው ጉዞ ካርዱን ስካን አድርጎ ልኮ ሊሆን ይችላል። ፎቶው በራሱ አያስገባም፤ ቀኑንና የክትባቱን ባች (የምርት) ቁጥር ስለሚያሳይ ግን መዝገብ ፈላጊውን ከብዙ ድካም ያድናል።

ካርዱን ሲቀበል ከመስኮቱ ሳይርቅ ያንብበው። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው እስከ አያት ይሁን። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩም በፊደል ይጻፍ፤ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ እዚያ ያለው ሰው ቁጥሩን አይረዳውም። ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ስርዝ ድልዝ ካለው ሌላ ካርድ ይጠይቅ።

አያት ጫፍ፦
ቀኑን ወደ ኋላ አድርጎ የሚጽፍ ሰው እኮ አይጠፋም…

የሰበታ ነርስ፦
እንዳትሞክሩት። ባች ቁጥሩ ከተጻፈው ቀን በኋላ የተመረተ ክትባት ከሆነ ያጋልጣል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ ድንበር ላይ መገኘት ደግሞ ከቀረ ሽርሽር የከፋ ጣጣ ነው።

ሱሉልታ ብርድ፦
አለበለዚያ እሷ ትሂድ፣ እሱ ካርዱን እየፈለገ ይቆይ። ፎቶ ትልክለታለች።

ትኬት ቤት፦
መዝገቡ ካልተገኘ እዚያው ነገውኑ ይወጋና ጉዞው ልክ በአንድ ሳምንት ይገፋ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ካርዱ ይሠራል። ዕድሜው ከ60 በላይ ከሆነ ወይም እንቁላል የማይስማማው ከሆነ ከመወጋቱ በፊት ይናገር። ቲኬቱን ከበረራው በፊት አስቀይሩ። ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ የመሄጃው ብቻ ሳይሆን የመመለሻውም ይሰረዛል። በአንድ ቡኪንግ ኮድ ከተመዘገባችሁ «የሁለታችንንም» በሉ። ለሆቴሉ «ሰርዙልን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ቀን ቀይሩልን» በሉ፣ መሰረዙ ገንዘቡን ሊያስቀርባችሁ ይችላል። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግድ የምታስገዛውን ኢንሹራንስ፣ ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ገና ካልገዛችሁ ቀኑ እስኪቆረጥ አቆዩት።

ባሕር ናፋቂ፦
ቀኑ ከተገፋ ባሕሩም ይቀየራል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ውሃው በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይጎድላል፤ ከሳምንት በኋላ ልዩነቱ ያንሳል። ፓጄ ወይም ጃምቢያኒ ከሆነ ያረፋችሁት ውሃው ሲሸሽ ለመዋኘት ሩቅ መሄድ ነው፤ እሾሃማ የባሕር እንስሳ ስላለ የጎማ ጫማ ያስፈልጋል። ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ዕቃ በፌስታል ጠቅልላችሁ እንዳትሄዱ፤ ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ዳይቪንግ ካሰባችሁ የመጨረሻው ጠልቆ መዋኘትና የመመለሻ በረራው መሃል ቢያንስ 18 ሰዓት ይሁን። አየሩ ሲሳሳ ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል። አዲስ አበባ ራሷ የአውሮፕላን ካቢን ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ካረፋችሁም በኋላ «ወረድኩ» ብላችሁ አትዘናጉ።

ገላን 04፦
ታዲያ ምን ላይ ደረሱ?

ከኮዬ ፈጬ፦
እኔ ግን አሁንም ነገ 1 ሰዓት ይገኝ እላለሁ።

ትኬት ቤት፦
መዝገቡን ለማስፈለግ ከሆነ፣ አዎ፣ 1 ሰዓት ይገኝ።