የ85 ሺው ቪዲዮ 210 ሺ ገባ፣ ነገ ጠዋት ቀረጻ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሶፋ ሠሪው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ለሶፋ ሥራዬ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ላሠራ በ85 ሺ ብር ተስማምተን ግማሹን ከፍያለሁ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ቀረጻ ነው። አሁን ማታ ቪዲዮውን የሚሠራው ልጅ ደውሎ «210 ሺ ነው የሚመጣው» አይለኝም! አንድ ደቂቃ እኮ ነው። ልሰርዘው ወይስ ልክፈል?

ቀልደኛው፦
210 ሺ ለ60 ሴኮንድ፣ በሴኮንድ 3,500 ብር። ጋሼ፣ ሞዴሎቹ ዓይናቸውን እንዳያርገበግቡ ንገራቸው።

ቫት፦
85ቱ ከቫት ውጪ ይሆናላ። ደረሰኝ ጠይቅ።

ሶፋ ሠሪው፦
15 በመቶ ቢጨመርበት 97,750 ነው። 210 ከየት መጣ?

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ ቪዲዮ በደቂቃ አይለካም። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደህ ሱሪው ስንት ሜትር ነው ብለህ ብቻ አትከፍልም፣ የእጁንም ትከፍላለህ። እኛ በቴፕ ስንሠራ አንድ ካሴት እንዳይባክን ስክሪፕቱ ሦስት ጊዜ ይነበብ ነበር፣ የዛሬ ልጆች ግን ሚሞሪ አለ ብለው ሲቀርጹ ይውሉና ኤዲተሩ ቁጭ ብሎ ያንን ሁሉ ማየት አለበት፣ እሱም ቀን ነው፣ ቀን ደግሞ ብር ነው። በነገራችን ላይ ስክሪፕት አለህ?

ሶፋ ሠሪው፦
እዚያው እንነጋገራለን ብለናል።

የድሮ ሰው፦
በል እንግዲህ።

በስልኬ፦
መጀመሪያ ነገር ቪዲዮው ለምን አስፈለገህ? እኔ ጫማ የምሸጠው በስልኬ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቅቄ ነው። ሰው የሚፈልገው ዋጋና አድራሻ ነው። ብሩን ጣውላ ግዛበት።

ሌንስ፦
ለጫማ ልክ ነህ። ሶፋ ግን ሌላ ነው። ቬልቬት ላይ መብራቱ ከጎን ካልመጣ ጨርቁ ላስቲክ ይመስላል፣ ስፌቱም አይታይም። ወንድም ሶፋ ሠሪ፣ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ስንት ቦታ ነው የምትቀረጹት? ከተስማማችሁ በኋላስ የጨመርከው ነገር የለም?

ሶፋ ሠሪው፦
ብዙም አይደለም። ቃሊቲ ወርክሾፑ፣ ቦሌ ማሳያው፣ ከዚያ እንጦጦ ላይ ሶፋውን ዛፍ መሃል አስቀምጠን በድሮን። ባልና ሚስት የሚሆኑ ሁለት ሞዴሎች። በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ለቴሌቪዥንም ለቲክቶክም እንዲሆን። እንጦጦውንና እንግሊዝኛውን ነው ያከልኩት፣ ሞዴሎቹንም።

ቀልደኛው፦
«ብዙም አይደለም» 😂 ሶፋው እንጦጦ የሚወጣው ጸበል ሊጠመቅ ነው?

ቫት፦
እኔ አሁንም ቫት ነው እላለሁ።

ሌንስ፦
ልጁ አልዘረፈህም፣ ጥፋቱ እስከ ዛሬ ማታ ዝም ማለቱ ነው። አንድ ቦታ በደረሳችሁ ቁጥር መብራት ወርዶ፣ ገመድ ተዘርግቶ፣ ሶፋው ቦታ ይዞ የመጀመሪያው ሾት እስኪነሳ አንድ ሰዓት እንዳለፈ ቁጠረው። ከቃሊቲ ቦሌ በዚያ መንገድ፣ ከዚያ ሶፋ በአይሱዙ ጭኖ እንጦጦ። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ሆነ። ካሜራ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የሰዎቹ አበል፣ መኪናው፣ ምሳው በሙሉ እጥፍ። ድሮኑ ደግሞ የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ይፈልጋል፣ ዛሬ ማታ ተደውሎ የሚገኝ ነገር አይደለም። ለቲክቶክ የቁም፣ ለቴሌቪዥን የአግድም ሲሆን ኤዲቲንጉም ሁለት ነው።

አሁኑኑ ደውልለትና እንጦጦውን አውጣ። ሶፋው ቦሌ ስለሆነ ነገ ሙሉ ቀን እዚያው ዋሉ። ወርክሾፑን አንተው በስልክህ ቅረጽ፣ አናጢ እጅ በስልክም ያምራል። ሞዴል አትቅጠር፣ እህትህና ባሏ ይቀመጡ። የእርማቱን ብዛት ግን በጽሑፍ ያዝ፣ ሁለት ዙር በነፃ፣ ከዚያ በላይ በክፍያ ብላችሁ። «ሎጎውን ትንሽ ከፍ አድርገው» እየተባለ ነው ወር የሚያልፈው።

ዳቦ ቤት፦
ስለ ድምፁም ጠይቀው። የኔ ቀረጻ ላይ ጎረቤት ያለው ብረታ ብረት ግራይንደር አስነስቶ የተናገርኩት ሁሉ ተበላሸ። እንደገና ስቱዲዮ ገብቼ አነበብኩ፣ እሱም ለብቻው ተከፈለ። መብራት ሄዶ ጀነሬተር መከራየታችንን ሳልቆጥር።

በስልኬ፦
ዘፈን የታዋቂ ሰው አድርጉ፣ ይሸጣል።

ሌንስ፦
ያለ ፈቃድ? በቅጂ መብት አዋጁ፣ በ410/1996፣ ባለቤቱ ይጠይቅሃል። ዩቲዩብም ወይ ያግድብሃል ወይ ገቢውን ለባለዘፈኑ ይሰጣል። ጥሬ ፋይሉ፣ ማለትም ያልተቆራረጠው ሙሉ ቀረጻ፣ የማን እንደሆነም ዛሬ ተነጋገሩ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ከተቀረጸ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው፣ ሃርድ ዲስክ ይዘህ ሂድ።

ሶፋ ሠሪው፦
እየደወለልኝ ነው፣ መጣሁ።

የድሮ ሰው፦
ስክሪፕቱን ዛሬ ማታ ጻፍ! ስምንት መስመር ይበቃል።

ዳቦ ቤት፦
ሦስት ቀን ሆነ። ሶፋ ሠሪው፣ ምን ላይ ደረስክ?

ቫት፦
ቫት ነበር አይደል?

ቀልደኛው፦
ኤል ሼፑ ሶፋ ግን ስንት ነው? ገጽህ ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል።