ለገጠር መንገድ የሚሆን ጠንካራ የሕፃን ጋሪ እንዴት ይመረጣል?

የማራኪው አባት፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወላጆች። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ሲሆን የመጀመሪያ ልጃችን ስምንት ወር ሞልቶታል። የባለቤቴ ወላጆች ከቆላ ድባ ወዲያ ገጠር ስለሚኖሩ ከመኪና ከወረድን በኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እንሄዳለን። መንገዱ ግማሹ ጠጠር የፈሰሰበት፣ ግማሹ ደግሞ ከብት የሚመላለስበት ዋልካ ነው፤ በክረምት የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ በበጋ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ መሐል ላይም በበጋ ውኃ የሌላት አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ወዲህ ወገቧን ስለሚያማት ልጁን በአንቀልባ አዝላ ያን ያህል መንገድ መሄድ አትችልም። እኔ አዝዬው ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያየኛል፤ እሱ እንኳ ግድ የለም፣ ችግሩ ትከሻዬም ከግማሽ መንገድ በላይ አለመዝለቁ ነው።

ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ለጥምቀት ስትመጣ ጋሪ ልታመጣልን ቃል ገብታለች። በምስል የላከችልኝ ሁሉ ያምራል፤ አንዱ የኩባያ ማስቀመጫ፣ ሌላው የስልክ ማንጠልጠያ አለው። የትኛው ያንን መንገድ እንደሚችል ግን ከምስሉ መለየት አልቻልኩም። ባለ ሦስት ጎማ ይሻላል ወይስ ባለ አራት? በአየር የሚነፋ ጎማ ነው ወይስ ድፍኑ? የሞከራችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ወንድሜ፣ ቢዘገይም ለባለቤትዎ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ። የእኔን ስሕተት ልንገርዎና እርስዎ ይትረፉ። ለመጀመሪያ ልጄ የገዛሁት በአንድ እጅ የሚታጠፍ፣ በጣም ቀላል ጋሪ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ በሴራሚኩ ላይ ስገፋው በአንድ ጣት ይሄዳል፣ እኔም በዚያው ተታለልኩ። ከፒያሳ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ስወርድ፣ ከስኒ ማስቀመጫ ብዙም የማይበልጠው የፊት ጎማ በሁለት ድንጋዮች መካከል ገብቶ ተቀረቀረ። ጋሪው ቀጥ ሲል እኔ እየተራመድኩ ስለነበር ሆዴ ከእጀታው ጋር ተጋጨ፣ ልጄ ወደ ፊት ተወረወረችና በትከሻዋ ላይ ያለው ቀበቶ ያዛት፣ በእጇ የነበረው ዳቦ ብቻ ቦዩ ውስጥ ገባ። ጎማውን የሚይዘው ፕላስቲክ ግን ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ዛሬ ያ ጋሪ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ተሸክሞ ይኖራል።

ስለዚህ ለእህትዎ በመጀመሪያ ስለ ጎማው፣ ቀጥሎም ስለ ቀበቶው ይንገሯት። ቀበቶው በሁለቱ ትከሻ፣ በወገቡ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በእግሮቹ መካከል፣ በአምስት ቦታ የሚይዝ ይሁን፤ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ልጄን ባላዳናት ነበር። ሌላው ደግሞ እጀታው ላይ ከባድ ዘንቢል ማንጠልጠልን ይመለከታል። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ምንም አይመስልም፣ ልጁን ባነሡበት ቅጽበት ግን ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ለአማትዎ የሚወስዱትን ቡናና ስኳር ከመቀመጫው ሥር ያስቀምጡት።

የአዘዞው ብስክሌት ጠጋኝ፦

የእህታችን ምክር ትክክል ነው፤ እኔ ምክንያቱን ልጨምር። ድንጋይ ላይ የሚወጣ ጎማ ትንሽ በሆነ ቁጥር ድንጋዩ እንደ ግድግዳ ይሆንበታል። ለምሳሌ በአንድ ጎማ ላይ 5 ኪሎ ግራም ክብደት አርፏል እንበል፤ የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ድንጋይ ለመውጣት ከ7 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደ ፊት መገፋት አለበት። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ግን ያው ድንጋይ ከ4 ኪሎ ያነሰ ጉልበት ነው የሚጠይቀው። የበሬ ጋሪ ጎማው ትልቅ የሆነውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ የፊቱ ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከ30 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ የኋላው ደግሞ ከ16 ኢንች ያላነሰ ቢሆን ያ መንገድ ይገፋል።

ሦስት ወይስ አራት ለሚለው፣ ጉልቻ ሦስት የሆነው በከንቱ አይደለም። በሦስት ነጥብ የቆመ ነገር መሬቱ ምንም ቢጎረብጥ ሁሉም እግሩ መሬት ይነካል፣ ባለ አራቱ ግን ኮቴ በበሳው መሬት ላይ አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የባለ ሦስቱ ድክመት በተዳፋት ላይ በድንገት ሲጠመዘዝ ወደ ጎን መዘንበል መቻሉ ስለሆነ፣ የኋላ ጎማዎቹ የተራራቁና መቀመጫው ዝቅ ያለ እንዲሆን ይምረጡ። የፊት ጎማው በከተማ እንደ ልብ የሚዞር፣ በገጠር ግን ቀጥ ብሎ የሚቆለፍ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ፤ ሳይቆለፍ በጠጠር ላይ ሲገፋ ጎማው ግራና ቀኝ እየተርገበገበ የገፊውንም የተገፊውንም አንጀት ያናውጣል።

ስለ ነፋሱ ጎማ ብዙ ሰው የሚፈራው እሾህን ነው። የግራር እሾህ እንደሚበሳው አልክድም። ቢሆንም በአየር የተነፋ ጎማ ጠጠሩን እየዋጠ ስለሚሄድ ለልጁ ከድፍኑ እጅግ ይለሰልሳል፤ ከተበሳም ማንኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል። ድፍኑ ወይም በስፖንጅ የተሞላው አይበሳም፣ ነገር ግን ካለቀ ወይም ከተቆረሰ እዚህ የሚተካው አይገኝም። እኔ የሚጠገነውን እመርጣለሁ። እህትዎ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ታንብብልዎ፤ 12½ በ2¼ ከሆነ የልጆች ብስክሌት መጠን ስለሆነ ከመነዳሪው፣ ማለትም አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ የብስክሌት ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ይፈለጋል። የአየር መሙያው አፍ ደግሞ እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራሙ ቢሆን በየመንገዱ ይነፋልዎታል። ሲያስነፉ ግን በመኪና ጎማ ልክ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ልኩ እዚያው ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ ለሻካራ መንገድም ከልኩ ትንሽ ቢያንስ ይሻላል።

ኩሽኔታ ያለው፣ ሞላው በኋላ ጎማዎቹ በኩል ሆኖ ሲጫኑት በዝግታ የሚመለስ፣ ጎማዎቹ ያለ መፍቻ የሚወልቁ ይሁን። እንዲህ ዓይነቱ ጋሪ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ስለሚመዝን ሚኒባስ ላይ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣው ታጥፎ ነው፤ ታጥፎ ሲከፈት መቆለፊያው "ቀጭ" ማለቱን ሳይሰሙ ልጅ አያስቀምጡበት። በመጨረሻም ስለ ዋልካ ልንገርዎ። በክረምት ዋልካው ጎማውና ጋሪው መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ እንኳን የሕፃን ጋሪ ብስክሌትም ትከሻ ላይ ነው የሚወጣ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጋሪውን ቤት ይተዉት።

ነርስ ነኝ፦

ልጁ ስምንት ወር ስለሞላው አንገቱን አጽንቶ፣ ተደግፎም ቢሆን የሚቀመጥ ከሆነ በእርጋታ መግፋቱ አያሳስብም፤ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግን ጀርባው ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጋሪ አይመከርም። በኮረኮንች ላይ መሮጥ ግን አሁንም አይገባም። እንቅልፍ ሲወስደው አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ የአየር ቧንቧው ስለሚጠብ፣ መቀመጫውን ጋደም ያድርጉለት፣ ፊቱንም በየጊዜው ይዩት።

እኛ አገር የተለመደውን አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ፀሐይ ሲበረታ ጋሪውን በነጠላ እንሸፍነዋለን፣ ነጠላው ስስ ስለሆነም አየር ያሳልፋል ብለን እናስባለን። ተሸፍኖ የተዘጋ ጋሪ ውስጥ ግን አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል፣ እርስዎም የልጁን ፊት አያዩትም። ቆላ ድባ ያለበት ደንቢያ ከጎንደር ይሞቃልና በማለዳ ይነሡ፣ የጋሪውን ጣሪያና ጥላ ይጠቀሙ። ቁልቁለት ላይ ከእጀታው ጋር የተያያዘውን ማሰሪያ አንጓዎ ላይ ያስገቡ፤ በእግር የሚረገጠው ፍሬን ለማቆሚያ እንጂ እየሄዱ ለማቀዝቀዣ የተሠራ ስላልሆነ እሱን አይተማመኑ። ሲያርፉም ጋሪውን ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን አግድም ያቁሙት።

የማራኪው አባት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ዕለት ብቻዬን ሄጄ መንገዱን በሜትር ለካሁት፤ አማቼ ምን እየለካሁ እንደሆነ ሲጠይቁኝ መሬት ልሸጥ የመጣሁ እንዳይመስላቸው በብዙ አስረዳኋቸው። ከሁሉም የጠበበው ቦታ በቅንጭብ አጥርና በድንጋይ ካብ መካከል ያለው ሲሆን 72 ሳንቲ ሜትር ነው። እህቴ ያገኘችው ባለ ሦስት ጎማ ከኋላ በኩል 63 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ያልፋል። የወንዟ አፋፍ ግን ከጉልበቴ በላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ልጁን እኔ አዝዬ እሻገራለሁ፣ ባዶውን ጋሪ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም መጥቶ ሊያሻግርልን ተስማምቷል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ እህቴ ትርፍ ከመነዳሪ ታምጣ ወይስ እዚህ ይበቃኛል?

የአዘዞው ብስክሌት ጠጋኝ፦

የፊቱን አንድ፣ የኋላውን አንድ ታምጣ፤ የ12ቱ እዚህ ቢገኝም የልክ ልዩነት ሊኖር ስለሚችል ከጋሪው ጋር አብሮ የመጣ አይሳሳትም። ባዶውን ጋሪ ለሚያሻግረው ሰው ደግሞ ከአፋፉ ላይ ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ዞሮ በሁለቱ ትልልቅ የኋላ ጎማዎች ቢስበው እንደሚቀለው ይንገሩት።