የሊስኒንግ ክፍለ ጊዜ ፈተና ብቻ ሆኖብኛል፤ ምን ላድርግ?

ዘጠነኛ ቢ፦
ሰላም መምህራን። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሪዲንግና ግራመር ላይ ልጆቼ ደህና ናቸው። ሊስኒንግ ስንደርስ ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። ምንባቡን አነብላቸዋለሁ፣ ወይም ከስልኬ በስፒከር አሰማቸዋለሁ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ይሠራሉ፣ መልሱን እናርማለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ዛሬ ያልሰማው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንትም አይሰማም። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ጽሑፉን ሳሳያቸው ሁሉንም ቃል ያውቁታል! «ቲቸር፣ ይሄን ነው እንዴ ያለው?» ይሉኛል። ቀስ ብዬ ላንብብላቸው? ደጋግሜ ላሰማቸው? እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የቆየ መምህር፦
እህቴ፣ ጽሑፉን ሲያዩ ካወቁት ችግሩ የቃላት እጥረት አይደለም። ቃሉ ንግግር ውስጥ ሲገባ የሚያወጣውን ድምፅ ነው የማያውቁት። እኛ ቃል የምናስተምረው ነጥለን፣ ጥርት አድርገን ነው። ሰው ሲናገር ግን ቃላቱ ይጋጠማሉ፣ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ልጆችሽ «ዋት ዱ ዩ ዎንት ቱ ዱ» ብትያቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ከቅጂው የሚሰሙት ግን «ዋዳያ ዎና ዱ» ነው። ይህን ማን አስተማራቸው?

እኔ ዘንድ ዋናው ትምህርት የሚጀምረው መልሱ ከታረመ በኋላ ነው። ብዙ ልጅ የሳተውን አንድ ጥያቄ እመርጣለሁ። መልሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሦስት አራት ጊዜ አሰማለሁ። የሰሙትን እንደሰሙት ይጽፋሉ፤ ስፔሊንግ አላርምም። ከዚያ የእነሱን ሰሌዳ ላይ እጽፍና ትክክለኛውን ከሥሩ አደርጋለሁ።

አንድ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ «ሺ ዎክት ቱ ስኩል» የሚል ነበር። ክፍሉ ከሞላ ጎደል «ሺ ዎክ ቱ ስኩል» ብሎ ጻፈ። ፓስት ቴንስ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የ«ዎክት»ን «ት» ቀጥሎ ያለው «ቱ» ስለዋጠው ነው። እዚህ ላይ ጆሮ ብቻውን አያዋጣም። ጊዜውን ከፊት ከተጠቀሰው «የስተርዴይ» መያዝ ነበረባቸው። ይህንን ያኔ፣ ሰሌዳው ፊት ቆመን አየነው። «ካን»ም እንደዚሁ ነው። ሲናገሩት በሳድስ አጥሮ «ክን» ይሆናል፣ ክብደቱ ግሡ ላይ ያርፋል። «ካንት» ግን ራሱ ጠብቆና ከብዶ ይሰማል። ልጆች መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ሲያሳድዱ ትርጉሙ ይገለበጥባቸዋል።

ቀስ ብሎ ማንበቡን ግን አልደግፍም። ቃል በቃል ስታነቢ የተዋጠው ድምፅ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ሊማሩት የመጡትን ነገር ወሰድሽባቸው ማለት ነው። ፍጥነቱን እንዳለ ተዪው፤ ይልቅ በሐረግና በሐረግ መካከል ያለውን ዝምታ አስረዝሚው።

ጠመኔ፦
መምህር፣ ባሉት እስማማለሁ፤ በፍጥነቱ ላይ ግን ትንሽ ልከራከርዎት። የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው ስፔሻል ኢንግሊሽ የተባለ የእንግሊዝኛ ዝግጅት ወደ 1500 በሚጠጉ ቃላት፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሆን ተብሎ ዝግ ብሎ ነበር የሚነበበው። ብዙ ሰው በዚያ ጆሮውን ከፍቷል። ጀማሪ ልጅ አንድ ታሪክ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ሲገባው ድፍረት ያገኛል። ዝግ ያለውን ለቤት፣ የተለመደውን ፍጥነት ለክፍል ብንከፍለውስ?

ስፒከር ለሌለው ደግሞ ዲክቶግሎስ የሚባለው፣ የሰሙትን በቡድን መልሶ የመጻፍ ዘዴ ይሞከር። አጭር ምንባብ በተለመደው ፍጥነት ይነበባል። መጀመሪያ እስክሪብቶ ተቀምጦ መስማት ብቻ ነው። ሁለተኛው ንባብ ላይ ቁልፍ ቃላትን ይጫጭራሉ። ከዚያ አራት አራት ሆነው ምንባቡን መልሰው ይገነባሉ። ቃል በቃል እንዲመጣ አይጠበቅም፣ ሐሳቡና ሰዋስዉ ከተስተካከለ ይበቃል። እስክሪብቶውን ለዝምተኛው ልጅ ስጪው። ጸሐፊ ሲሆን «ምን አለ? ድገሙት» ማለቱ አይቀርም፤ ክርክሩም እዚያ ይጀመራል።

ዘጠነኛ ቢ፦
መምህር፣ ጠመኔ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጣዩ ምንባብ ላይ የአንዷን ዓረፍተ ነገር ዘዴ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ እንደሰሙት የጻፉትን በነጥብ ይይዙታል?

የቆየ መምህር፦
በፍጹም። ነጥብ ካለበት የሰማውን ትቶ ከጎረቤቱ ይገለብጣል። አንቺ የምትፈልጊው ስህተቱን ነው። ወረቀቱን ሰብስቢና ማታ እዪው፤ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ተሰናክለው ታገኛለሽ። በማግስቱ ያንን ድምፅ ብቻ ይዘሽ ግቢ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል።