ሃይዌይ 1ን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሞተር፦ ሁለት ሆነን ስንት ቀን ይበቃናል?

ሁለት_ጎማ

ሰላም ናችሁ የሞተር ሰዎች። በሴፕቴምበር መጨረሻ ከባለቤቴ ጋር የካሊፎርኒያን ሃይዌይ 1 ልንወርደው አስበናል። ሰሜን ካለችው ሌጌት ጀምረን ደቡብ ዳና ፖይንት ድረስ፣ 656 ማይል። የምንኖረው ሳክራሜንቶ ነው። ሞተሬ ባለ 500 ሲሲ ሆንዳ ናት፣ ሁለት ሰው ይዛም አታሳፍረኝም። ባለቤቴ ግን ረጅም መንገድ ከኋላ ተቀምጣ አታውቅም፣ የለመደችው የከተማ ዙር ብቻ ነው።

በእኔ ስሌት በቀን 220 ማይል ብንሄድ በሦስት ቀን ጨረስነው። ኢንተርስቴት (ሰፊው ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይ እኮ ይሄ የግማሽ ቀን መንገድ ነው! እሷ ደግሞ "ባሕሩን ልናይ ነው ወይስ ልናልፈው ነው የምንሄደው?" ትለኛለች። ያለኝ እረፍት በጠቅላላ ስድስት ቀን ነው፣ መመለሻውም ከዚያው ላይ ነው የሚቆረጠው።

ስለዚህ፦ ስንት ቀን ይበቃል? ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው ወይስ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሻለው? ድንኳን ይሻላል ሞቴል? ደግሞ ቢግ ሰር በሚባለው ገደላማ የባሕር ዳርቻ ጋ መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል ሲባል እሰማለሁ፣ እንደዚያ ቢሆንብን ምን እናድርግ? የሄደበት ሰው እስቲ ሳይሰስት ይንገረኝ።

ጋሽ_ካቴና

ልጄ፣ ሚስትህን ስማት።

እዚያ መንገድ ላይ በማይል አታስላ፣ በሰዓት አስላ። ከካርመል እስከ ካምብሪያ 100 ማይል አይሞላም፤ ሳትቆም ብትነዳው እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሳትቆም ደግሞ አትነዳውም። ቢክስቢ ድልድይ ጋ ትቆማለህ፣ ማክዌይ ፏፏቴ ጋ ትቆማለህ፣ ስም የሌለው አንድ ኩርባ ጋ ደግሞ ባለቤትህ ትከሻህን መታ መታ አድርጋ ታስቆምሃለች። ከፊትህ የተከራየ የካምፕ መኪና ከገባማ አለቀልህ፣ መቅደሚያ ቦታ እስክታገኝ ጭሱን እየጠጣህ ትከተለዋለህ።

ከሌጌት የምትነሳበት የመጀመሪያው 20 ምናምን ማይል ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር አይታይበትም። ጫካ ነው። አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ ጥላው ስር አስፋልቱ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው፣ ቅጠልም ይተኛበታል። ከኋላህ ሰው ይዘህ ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬን ላይ አትንጠልጠል፣ ማርሽ ቀንስና ሞተሩ ራሱ ይያዝልህ። ዓይንህ የፊት ጎማህን ሳይሆን የኩርባውን መውጫ ይመልከት። በዚህ ክፍል ቸኩሎ የተጠቀመ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንተ ቀኑን ነው ለማሳጠር የምትሞክረው፣ እኔ ብሆን መንገዱን ነው የማሳጥረው። ዳና ፖይንት ድረስ ካልደረስኩ ሞቼ እገኛለሁ ያለህ ማን ነው? ከሌጌት ተነሥና ሞሮ ቤይ ላይ ጨርሰው። መጀመሪያ ቀን ከቤትህ ተነሥተህ ፎርት ብራግ ታድራለህ። ሁለተኛው ቀን ሜንዶሲኖን፣ ፖይንት አሪናን፣ ፎርት ሮስን እያየህ ቦዴጋ ቤይ አካባቢ። ፎርት ሮስ ሩሲያኖች በ1812 የሠሩት ምሽግ ነው፣ ሩሲያ እዚህ ድረስ መጥታ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ከእሱ በታች እስከ ጄነር ያለው ገደል ደግሞ፣ ማንም ምንም ይበል፣ ለእኔ ከቢግ ሰር አያንስም፣ ቢግ ሰር ከሚሄደው ሰው ግን ግማሹ እንኳ ወደዚህ አይመጣም። ሦስተኛው ቀን ሳን ፍራንሲስኮን አልፈህ ሞንተሬይ። አራተኛው ቀን ሙሉውን ለቢግ ሰር ስጠውና ካምብሪያ እደር። አምስተኛው ቀን ሞሮ ቤይ፣ እግር ዘርግቶ መቀመጥ። ስድስተኛው ቀን በ101 እና በ5 አውራ ጎዳናዎች ወደ ቤት፣ ወደ 300 ማይል ነው፣ የሚታይ ነገር ስለሌለ ቶሎ ያልቃል።

አቅጣጫውን በተመለከተ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ጥያቄም የለውም። አሜሪካ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ወደ ደቡብ ስትወርድ ባሕሩ በአንተ በኩል ነው። ማቆሚያዎቹ በቀኝህ ይመጣሉ፣ ሹልክ ብለህ ትገባለህ፣ ሹልክ ብለህ ትወጣለህ። ንፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ከጀርባህ ይገፋሃል።

ሎስት_ኮስት

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ በአቅጣጫው ግን አልስማማም 😄

ወደ ደቡብ ስትወርድ ፀሐዩ ፊትህ ላይ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ዝቅ ሲል ውሃው ላይ ይንጸባረቅና ኩርባው ራሱ ይጠፋሃል። ወደ ሰሜን ስትወጣ ግን ብርሃኑ ከጀርባህ ነው፣ የምትሄደውም ከተራራው ሥር ባለው መስመር ላይ ነው። ገደል የምትፈራ ሰው ከኋላ ካለች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጋሽ_ካቴና

ፀሐዩን በጠዋት ተነሥቶ ማምለጥ ይቻላል። ማቆሚያው በግራ ሲሆን ግን በየጊዜው መኪናው ከማይታይበት ኩርባ ፊት ለፊት መስመር ማቋረጥ ነው፣ ሞተረኛን ደግሞ የሚጎዳው በአብዛኛው ግራ መታጠፊያ ላይ ነው። እኔ ፀሐዩን እመርጣለሁ።

ከኋላ_ወንበር

ወንዶቹ ስለ መሪው ያውሩ፣ እኔ ስለ ኋላው ልናገር። ባለቤቴ ይነዳል፣ እኔ እቀመጣለሁ። ይሄን መንገድም አብረን ሄደንበታል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምትገዛው ነገር የሄልሜት ኢንተርኮም (እየሄዳችሁ የምትነጋገሩበት) ይሁን። ከተማ ውስጥ አያስፈልግም፣ እዚያ ግን ባለቤቴ ሳላውቀው ፍሬን በያዘ ቁጥር ሄልሜቴ ሄልሜቱን ቋ! ያደርገዋል። አምስት ጊዜ ያስቃል፣ ሃምሳኛው ላይ አንገት ያማል። "ኩርባ መጣ"፣ "ፍሬን ልይዝ ነው" ብለህ ብትነግራት ሰውነቷን ታዘጋጃለች። ኢንተርኮም ካልሆነላችሁ ምልክት ተስማሙ። አንድ መታ ማድረግ ቀስ በል፣ ሁለት መታ ማድረግ ቁም።

ሁለተኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ይዘሃት ውጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቱ ጋ እንደሚያማት ያኔ ይታወቃል። የእኔ ጉልበቴ ነበር፣ የሌላዋ መቀመጫዋ ሊሆን ይችላል። በየአንድ ሰዓቱ ቁሙ። ካፌ ግቡ አላልኩም፣ አምስት ደቂቃ ቆማ ብትራመድ ይበቃታል። ኩርባ ላይ ደግሞ በምትታጠፉበት በኩል ባለው ትከሻህ አሻግራ እንድትመለከት ንገራት። እንደዚያ ስታደርግ ሰውነቷ ሳታስበው ከሞተሩ ጋር ያዘነብላል። "አዘንብዪ" ካልካት ግን ከመጠን በላይ ታዘነብላለች ወይም ደርቃ ትቀራለች።

ሦስተኛ ብርዱ። ሳክራሜንቶ 35 ዲግሪ ሆኖ በቲሸርት ስለወጣችሁ እንዳትሸወዱ። ባሕሩ ዳር 15 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ጥልቁ ውሃ ወደ ላይ እየወጣ የባሕሩን ፊት ያቀዘቅዘዋል፣ ሞቅ ያለው አየር እሱ ላይ ሲያርፍ ጉም ይሆናል። ሴፕቴምበር ላይ ከጁን ከጁላይ ይሻላል፣ ግን አይጠፋም። ጉሙ ውስጥ ስትገቡ ዝናብ ሳይዘንብ የሄልሜቱ መስታወት በጥቃቅን ጠብታ ይሞላል፣ በጓንት ጣት መጥረግ ነው፣ ወዲያው ይሞላል፣ እንደገና መጥረግ ነው። የሚነዳው ሰው ከንፋስ መከላከያው ጀርባ ነው፣ ብርዱ ለእሷ ነው የሚተርፈው። ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ የሚደረብ ሹራብ፣ የአንገት መሸፈኛ፣ ደህና ጓንት። ጂንስ ብቻውን አይበቃም።

አቅጣጫ ላይ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። ገደሉ በእኔ በኩል ሲሆን እጄ ሳላስበው የባለቤቴን ጃኬት ጭምድድ ያደርገዋል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ያንን ባሕር ሌላ መኪና አሻግሬ ለማየት አልሄድም።

ቤይ_ራይደር

ያልተነሡትን ልጨምር፣ በቅደም ተከተል አይደለም።

ነዳጅ፦ ሞንተሬይ ወይም ካርመል ላይ ሞልተህ ውጣ። ቢግ ሰር ውስጥ ማደያ አለ፣ ግን ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ዓይን ያወጣ ነው። በተለይ የጎርዳዋ ማደያ በውድነቷ የታወቀች ናት። ስልክም አብዛኛው ቦታ ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ ካርታውን ቀድመህ ስልክህ ላይ አውርደው።

ሞንተሬይ ስትደርሱ ሰው ሁሉ "17 ማይል ድራይቭን (በክፍያ የሚገባበትን የባሕር ዳር መንገድ) ሳታዩ እንዳትሄዱ" ይላችኋል። ሞተር አያስገቡም፣ በር ላይ ይመልሷችኋል። ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ሳን ፍራንሲስኮ መግቢያ ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ወደ ደቡብ ስትገባ ቶል (የማለፊያ ክፍያ) አለው፣ ወደ ሰሜን ስትወጣ የለውም። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፣ ታርጋህን ካሜራ ያነሣል፣ በኋላ ትከፍላለህ። ድልድዩ ላይ የጎን ንፋስ አለ፣ መሪውን አጥብቀህ አትነቅ፣ ላላ አድርገህ ያዝ።

ሕጉ፦ ሄልሜት ለሁለታችሁም ግዴታ ነው። ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ቀስ እያልክ አምስትና ከዚያ በላይ መኪና ከኋላህ ከተሰለፈ ማሳለፊያው ጋ ወጥተህ ማሳለፍ አለብህ። ይሄ ትህትና አይደለም፣ ሕግ ነው። በመኪኖች መካከል መሽሎክሎክ በካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ግን ሁለት ሰውና የጎን ቦርሳ ይዘህ ባትሞክረው ደስ ይለኛል።

ሞተሩ፦ የጎማ ንፋሱን ለሁለት ሰውና ለሻንጣ በሚለው ልክ አስሞላ፣ የኋላውን ስፕሪንግም እንዲሁ፣ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ካልተስተካከለ የኋላው ይቀመጥና መብራትህ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ኩርባም ላይ ከበድ ይልሃል። ካቴናውን ጉዞው መካከል አንድ ጊዜ ቅባው፣ የባሕር አየር ጨው ነው።

የ101_ልጅ

ስለ ቢግ ሰር መንገድ መዘጋት። ተራራው ከባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ የተነሣ ነው፣ አለቱም የተሰባበረ ነው፣ ክረምት ዝናብ ሲጠጣ ይንሸራተታል። ቀድሞ እሳት ከበላው ደግሞ ይብሳል። መንገዱ በ1937 ከተከፈተ ጀምሮ ታሪኩ ይሄው ነው። በ2017 ሜይ መድ ክሪክ ላይ ተራራው ተንዶ መንገዱን ቀበረው፣ የተከፈተው በ2018 ጁላይ ነው። በዚያው በ2017 የፋይፈር ካንየን ድልድይ ተሰነጣጥቆ ፈርሶ በአዲስ ተተክቷል። በ2021 ጃንዋሪ ደግሞ ራት ክሪክ ላይ ጎርፍ ሁለቱንም መስመር ጠርጎ ባሕር ውስጥ ከተተው። ስለዚህ "ባለፈው ዓመት ሄጄ ክፍት ነበር" የሚልህን ሰው አትመን። የካልትራንስን (የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት) ኩዊክማፕ የተባለ የኢንተርኔት የመንገድ ካርታ ከመነሣትህ በፊት እይ፣ ሞንተሬይ ስትደርስ ደግመህ እይ።

ቢዘጋ ጉዞው አይበላሽም። ከካርመል እስከሚፈቀድልህ ድረስ ወርደህ ተመለስ፣ ከዚያ በሳሊናስ በኩል 101ን ይዘህ ፓሶ ሮብልስ ድረስ ውረድ፣ ከእሱ በታች 46 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ ይዞህ ካምብሪያ አጠገብ ያወጣሃል። 46 ራሱ ለሞተር የተሠራ መንገድ ነው የሚመስለው። ከጫፉ ላይ ድንገት ሞሮ ሮክ (ሞሮ ቤይ ባሕር ዳር የቆመው ግዙፍ አለት) ከሩቅ ይታይሃል፣ ጉም ከሌለ።

ሁለት_ጎማ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ምክርዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ "ማን እንደሆኑ ባላውቅም እወዳቸዋለሁ" ብላለች። ሞሮ ቤይ ላይ እንጨርሰዋለን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ። ኢንተርኮሙንም አዘዝኩ።

አንድ የቀረኝ፦ ማደሪያውን ማንም አልመለሰልኝም። ድንኳን ይዤ ደስ ያለን ቦታ ጎን ላይ ብናርፍስ?

ቤይ_ራይደር

ደስ ያለን ቦታ የሚባል ነገር ቢግ ሰር ላይ የለም። መንገድ ዳር ማደር ክልክል ነው፣ ይቀጡሃል። ፋይፈር ቢግ ሰር እና ከርክ ክሪክ ጥሩ የካምፕ ቦታዎች ናቸው፣ ከርክ ክሪክ በተለይ ባሕሩ አፋፍ ላይ ነው። ግን ቦታው ከስድስት ወር በፊት ነው ለምዝገባ የሚከፈተው፣ ወዲያው ያልቃል። የሰረዘ ሰው ካለ በየቀኑ እየገባህ ተከታተል።

ከኋላ_ወንበር

ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ምድጃ በ500 ሲሲ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ? እሷ የት ልትቀመጥ ነው? ሞቴል ያዝ። የፎርት ብራግንና የካምብሪያን አሁኑኑ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ላይ ከዋለ።

ጋሽ_ካቴና

ማደሪያው ሲያዝ ያለ ክፍያ የሚሰረዝ መሆኑን አይተህ ያዝ። መንገዱ ከተዘጋ ቀኖቹ ይገፋሉ። ሻንጣውም ለሁለት ሰው አንድ የኋላ ቦርሳ ይበቃል፣ ከባዱን ከሥር አድርገው። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።